እንትፍ በይበት

ቡዳ የሚለውን ቃል ከእናቴ አፍ የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰሐን እያጠበች ነበር፤ እኔ ደግሞ ልጅ ነኝና የአገር ቤቱን ወሬ እየጎተጎትኩ አስወራታለሁ። አባቷ ጎንደር ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቷ ሸክላ ሠሪ እንደነበሩ ነገረችኝ። ማረሻ ወይም ድስት ሊገዛ የመጣ ሰው ዕቃውን በደስታ ይቀበላል፣ ያዘለውን ልጅ ግን ከነሱ ዓይን በነጠላ ይሸፍናል። ለምን ብላት ያን ቃል አለችኝ። ቀን እንደ ማንም ሰው ሆኖ ይውላል፣ በዓይኑ ግን ሰው ይበላል፣ የተበላው ሰው እየከሳ ያልቃል፤ አንዳንዱ እንዲያውም መብላቱን ራሱ አያውቅም፣ እንዲህ ነበር የሚያምኑብን አለች። ከዚያ ቧንቧውን ዘጋችና ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ አለችኝ። እኔም አልጠየቅኳትም።

የሺ እባላለሁ። በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ሱዳንን ያቋረጥኩ፣ እስራኤል አገር ቂርያት ጋት ከተማ ያደግኩ፣ በኢንዱስትሪ ቀጠናው አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሸጊያ ክፍል የምሠራ ሴት ነኝ። ምላስሽ ይረዝማል ይሉኛል፤ ስታነቡ ታዩታላችሁ። ይህ የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝ በፈረንጆቹ 2015፣ የአይሁድ አዲስ ዓመት በዓላት ሊገቡ ሲሉ፣ ቢጫ አቧራ አገሩን ሸፍኖት በሰነበተበት ሰሞን ነው።

ባለቤቴ መላኩ ወደ እስራኤል የመጣው ከኋለኞቹ ጋር ነው። አያቶቹ ክርስትና ተነሥተው የነበሩ፣ እሱና አባቱ ደግሞ ወደ አይሁድ ሃይማኖታቸው ተመልሰው ጎንደር ከተማ ውስጥ ዓመታት ጠብቀው የገቡ ናቸው። ዘራችን አንድ ነው፤ ያደግነው ግን በአጥሩ ወዲያና ወዲህ ነው። ላገባው ስል እናቴ፣ ዘመዶቻችን ናቸው፣ ግን ያን ቃል ከጎረቤት ጋር አብረው ሲሉት ኖረዋል ብላ ነበር። እኔ ሳቅኩባት። በዚህ አገር፣ በዚህ ዘመን፣ አሳንሰርና አየር ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት ማን ስለ ቡዳ ያወራል ብዬ።

አባቱ አባባ ታከለ ከኛ ጋር ይኖራሉ። ሱካር የሚሉት የስኳር በሽታ ይዟቸዋል፤ ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን ወግቼ ደማቸውን የምለካውም፣ መርፌያቸውን የምሰጣቸውም እኔ ነኝ። መላኩ ደም ማየት አይችልም። አባባ ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ ስወጋቸው እንኳ ጎሽ ልጄ የሚሉ ሰው ናቸው።

በዚያ በጋ አባባ መብላት አበዙ። የሁለት ሰው እንጀራ አንስተው ጭልፋ ወጥ ያስጨምራሉ፤ ቀበቷቸው ግን በየጊዜው አዲስ ቀዳዳ ይፈልጋል። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገባ። ሸሚዛቸውን ሳጥበው የሌላ ሰው ይመስለኝ ጀመር። ነውር ነው አትበሉኝና፣ ከሆዳቸው የሚወጣው ነገር ቅባት ለብሶ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ውኃ ቢለቁበትም አልሄድ ይላል፣ ሽታው በረኪናንም ያሸንፋል። አንድ ቀን አባባ ከሽንት ቤት ወጥተው በሩን ይዘው ቆሙና፣ «ልጄ፣ እኔ የበላሁትን ማነው የሚበላው?» አሉኝ። ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ተውኩት።

ከዚያ ወዲያ ሲበሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመሩ። ሰሐኑን በጋቢያቸው ጥግ ይከልሉታል። ልጆቹ ሲገቡ አይከልሉም፣ መላኩም ሲገባ አይከልሉም። እኔ ስገባ ነው የሚከልሉት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ዕድሜ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሐኪም ቤት ወስደን አስመረመርናቸው። ሐኪሟ ነገሩን አስረዳችን፤ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ቆሽት በድሮ ሕመም ተጎድቶ ደርቋል፣ ምግብ የሚፈጨውን ቅመም ማመንጨት ትቷል፣ ስለዚህ የበሉት ሳይፈጭ እንደገባ ይወጣል፣ ሱካሩም የመጣው ከዚያው ነው አለች። እኛ ስንናደድ ቆሽቴ አረረ እንላለን፤ የአባባ የምር አርሯል። መድኃኒቱ እንክብል ነው። የጎደለውን ቅመም ይተካል፤ ምግብ ሲጀምሩና በመካከል ይዋጣል፣ ያለ ምግብ ቢወስዱት ግን የሚፈጨው ነገር የለምና ጥቅም የለውም። ከአሳማ እንደሚሠራ ሰምተን የሃይማኖት አባታችንን፣ ራቡን፣ ጠየቅናቸው፤ ለሕመም ነው፣ ተሸፍኖ የሚዋጥ ነው፣ ይፈቀዳል አሉን። መላኩ ሁሉንም አንድ በአንድ ተረጎመ፣ አባባም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ሳምንት ተጨመረ፤ አባባ መክሳታቸውን አላቆሙም። እንክብሉን ከእጄ ተቀብለው አፋቸው ሲያስገቡ አያለሁ። ሰሐኑም ባዶ ይሆናል። እንግዲህ ያ መድኃኒት የማይሠራው ምን ቢሆን ነው?

ከታች አንደኛ ፎቅ እማማ ትርንጎ ይኖራሉ። የአባባ የአገራቸው ልጅ ናቸው፤ ከሰዓት ከሰዓት እየወጡ ያጫውቷቸዋል። መጀመሪያ መጀመሪያ ስገባ እንዴት ዋልሽ ልጄ ይሉኝ ነበር። ኋላ ላይ ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል። እጄን ያያሉ፣ ከዚያ አባባን ያያሉ፣ ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው ይወርዳሉ። አንድ ቀን አያቶችሽ ወዴት አካባቢ ነበሩ ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሥራቸውስ? አሉኝ። እሱንም ነገርኳቸው፣ ምን ይደበቃል ብዬ።

ነገሩ የሆነ ቀን ጠዋት ስነሳ መስኮቱ ቢጫ ነበር። ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ የለም። መኪና ሲያልፍ ይሰማል፣ አይታይም። አባባ ማታ እራት አልፈልግም ብለው ተኝተው ነበርና ደማቸውን ስለካ ደህና ሆኖ ስላገኘሁት ደስ አለኝ። ቁርሳቸውን አቀረብኩ፣ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ነጭ አይብ። መርፌውን ወጋኋቸው። ከመርፌው በኋላ የግድ መብላት አለባቸው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሲውጡ አይቼ ነው የምወጣው። የዚያን ቀን ግን የሥራ መኪናው ሾፌር አቧራውን ፈርቶ ቀደም ብሎ መጣና ከታች ጡሩንባውን ይነፋል።

«ሂጅ ልጄ፣ እበላለሁ» አሉኝ። ሄድኩ።

ቀትር ላይ መላኩ ደወለ። እሱ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ ቤት ነበር። አባባን ያዛቸው፣ ነይ አለኝ። ምን ያዛቸው ስለው፣ ነይ ብቻ አለና ዘጋው። አለቃዬን አስፈቅጄ ወጣሁ። አውቶቡስ አጥቼ በእግሬ ነው የሄድኩት። የቀትር ፀሐይ ትንሽ ነጭ ነገር ሆና ተንጠልጥላለች፣ አፍጥጠው ቢያዩዋት ዓይን አታሳምም። የመንገዱ መብራት በርቷል። ሰዎች አፋቸውን በጨርቅ ሸፍነው ድንገት ከአጠገቤ ብቅ ይሉና ይጠፋሉ፤ የማውቀው ሰው ይሁን የማላውቀው አልለይም። ጥርሴ መሐል አሸዋ ይንቀጫቀጫል። ከተማው ሁሉ ሞቶ ያልተነገረኝ መሰለኝ።

የሕንፃችን ደረጃ ላይ የተቃጠለ ቆዳ ሸተተኝ። ስወጣ ሽታው አብሮኝ ይወጣል፤ ነጭ ሽንኩርትም ነበረበት። የቤታችን በር ገርበብ ብሏል። የመስኮቶቹ መዝጊያ ሁሉ ወርዷል፣ መብራት አልበራም፣ በስንጥቁ የሚገባው ቢጫ ብርሃን ብቻ ነው። አባባ ምንጣፉ ላይ ተጋድመዋል፣ ራሳቸው ላይ ነጠላ ተጥሏል፣ ከነጠላው ሥር ጭስ ይወጣል። እማማ ትርንጎ የሚጨሰውን ሰሐን ይዘው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። መላኩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ተናገር» ይላሉ እማማ ትርንጎ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ማነህ? ከየት መጣህ? ይህን ሰው ማን በላው?»

ከነጠላው ሥር አንድ ድምፅ ያጉረመርማል። የአባባ ድምፅ አልነበረም፤ ቀጭን፣ የተጎተተ፣ የሰከረ ልጅ የመሰለ ድምፅ ነው። እማማ ትርንጎ ነጠላውን ገለጡት። ፊታቸው ላብ በላብ ነው፣ ዓይናቸው ተከፍቷል፣ ግን የሚያየው ነገር ያለ አይመስልም። «ማን በላህ?» አሏቸው ደግመው። አባባ ራሳቸውን ቀስ ብለው ወደ በሩ አዞሩ። እዚያ የቆምኩት እኔ ነኝ።

«የሺ» አሉ።

መላኩ አየኝ። የሰባት ዓመት ባሌ፣ የልጆቼ አባት፣ ሰሐን እንደሚከለልበት ሰው አድርጎ አየኝ።

አምቡላንስ ጠርተሃል ወይ አልኩት። እማማ ትርንጎ መጀመሪያ የያዛቸው ነገር ይናገር ስላሉት አልጠራም። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ድምፅ ይቆራረጣል፤ አቧራው ያነቀው ሕመምተኛ በዝቶ መኪኖቹ ሁሉ ወጥተዋል፣ ትንሽ ይቆያል፣ አሁኑኑ ሱካራቸውን ለኪ አለችኝ። መለኪያውን አምጥቼ ተንበረከክኩና ጣታቸውን ወጋሁ።

«ደሙን አሁንም ትወስጃለሽ?» አሉ እማማ ትርንጎ።

መለኪያው ቁጥር አላወጣም። ከሚለካው በታች ወርዷል የሚለውን ቃል ብቻ ጻፈ። ለስልኳ ሴትዮ ስነግራት፣ መዋጥ ከቻሉ በጎናቸው አስተኝተሽ ጣፋጭ ነገር በጣትሽ ከጉንጫቸው ውስጥ ትንሽ ትንሽ ቀቢላቸው አለችኝ። ማር ፍለጋ ወደ ማድ ቤት ሮጥኩ። እዚያ ነው ነገሩ የያዘኝ።

የቁርሱ ሰሐን ማጠቢያው ውስጥ ነበር። ባዶ። እንቁላሉም ዳቦውም አይቡም የለም። እንግዲህ በልተዋል። የበላ ሰው ሱካሩ እንዲህ ሊወርድ አይችልም። አንድ ነገር ሆዳቸው ውስጥ የገባውን ሁሉ ወስዶታል ማለት ነው፤ ከሆነስ ማነው? ጠዋት ጠዋት ደማቸውን የምወስደው እኔ። የወጋኋቸው እኔ። እጄ ያቀረበው ምግብ ሁሉ የማይጠጋቸው እኔ። እናቴ ያለችኝ ትዝ አለኝ፣ አንዳንዱ መብላቱን ራሱ አያውቅም። እጄን አየሁት። አቧራ ለብሶ ቢጫ ሆኗል፣ ጣቴ ላይ የአባባ ደም ነጥብ አለ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ እዚያ ማድ ቤት ቆሜ፣ ለጥቂት ጊዜ፣ እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ከውጭ የመጣ ነገር ቢሆን በር ይዘጋበታል፤ ይኼ ግን በሬን ከውስጥ የያዘ ነው።

ማሩ ለበዓሉ የገዛሁት ነበር፣ ገና አልተከፈተም። ይዤ ስመለስ እማማ ትርንጎ ተነሥተው መንገዴ ላይ ቆሙ። አልተቆጡም። ይልቅ ለመኑኝ።

«አንች ልጄ፣ ክፉ ነሽ አላልኩም። ሳታውቂው ይሆናል። እንትፍ በይበትና ልቀቂው፤ የአባትሽ ዕድሜ ነው።»

ለማታውቁት ልንገራችሁ። የበላው ሰው በተበላው ላይ ምራቁን እንትፍ ሲል ይለቀዋል ይባላል። እንትፍ ያለ ደግሞ ቡዳነቱን በገዛ አፉ ፈረመ ማለት ነው፤ እሱም ልጆቹም የልጅ ልጆቹም። መላኩን አየሁት፣ እንዲናገርልኝ። ተናገረም።

«አንድ ጊዜ እንትፍ በይበት በቃ። ምን ትሆኛለሽ?»

ይህን ያለው እያለቀሰ ነው። ለአባቱ ነው ያለቀሰው።

አንድ ነገር ወዲያው ገባኝ። ማሩን ለመቀባት ከአባባ ፊት ላይ መደፋት አለብኝ፤ በዚያ ጨለማ፣ በዚያ ጭስ፣ ከኋላዬ ሆኖ ለሚያየኝ ሰው እንትፍ ማለትና ማር መቀባት አንድ ነው። ቢነቁ እኔ ለቀቅኳቸው ይባላል። አምቡላንሱ እስኪመጣ እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ ስሜ ይተርፍልኛል፣ እሳቸው ግን ላይተርፉ ይችላሉ። እዚያ ሆኜ ብዙ ያሰብኩ አይምሰላችሁ። አባባ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ሰማሁና ተደፋሁ።

በጎናቸው አዞርኳቸው። ጉንጫቸውን በጣቴ ከፍቼ ማሩን ድዳቸው ላይ ቀባሁ። ዋጡ። ደግሜ ቀባሁ። ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ከውጭ ነፋሱ የመስኮቱን መዝጊያ እንደ ሰው ያንኳኳል። ካሁን አሁን እያልኩ ጣቴን ማሩ ውስጥ እየነከርኩ ቆየሁ። በመጨረሻ ላቡ ቆመ፣ ዓይናቸው ተርገበገበና እኔ ላይ አረፈ።

«ልጄ፣ ራበኝ» አሉ፣ በገዛ ድምፃቸው።

እማማ ትርንጎ ከኋላዬ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። «ተመስገን፣ ለቀቀችው» አሉ።

አምቡላንሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአምቡላንሱ ልጅ ሱካራቸውን ለክቶ፣ ግሉኮስ ሰጥቶ፣ ማን ማር ሰጣቸው አለ። እኔ ስለው ሕይወታቸውን አትርፈሻል አለኝ በዕብራይስጥ። እማማ ትርንጎ ዕብራይስጥ አይሰሙም፤ መላኩም አልተረጎመላቸውም።

በማግስቱ ሆስፒታል አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ አባባን ቁርሱን በልተው ነበር ወይ አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። ቁርሱ በፌስታል ተጠቅልሎ ቤት ካለው አልጋቸው ሥር ነበር፤ ሰሐኑን ራሳቸው አጥበውታል። እንክብሉንም ለካ በምላሳቸው ሥር እየደበቁ ካልሲ ውስጥ ሲያጠራቅሙት ነው የከረሙት። ያን ቀን ጠዋት እኔ ከወጣሁ በኋላ አንድ እፍኙን በባዶ ሆዳቸው ዋጡትና እስኪሽራቸው ጾመው ተጋደሙ። ለምን እንዲህ አደረጉ ብላቸው፣ እንደ ሞኝ አየችኝ ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ በትዕግሥት አስረዱኝ።

«ኮሶ እንዴት ነው የሚጠጣ? ማታ ጾም ታድሪያለሽ፣ ጠዋት በባዶ ሆድሽ ትጠጭዋለሽ፣ እስኪወጣልሽ እህል አትቀምሺም። የሚበላኝን ነገር መድኃኒቱን ከእንጀራ ጋር ባጎርሰው ይወፍር የለም እንዴ?»

ሐኪሟ ከምግብ ጋር ስትል የሰሙት እንደ ስህተት ነው። ሆድ ውስጥ ሆኖ ሰው የሚበላ ነገር ሲገኝ እሳቸው የሚያውቁት መድኃኒት ኮሶ ነው፣ ሥርዓቱንም ጠብቀው ፈጸሙት። መርፌው ደግሞ ሱካሩን ወደ ታች ሲጎትት የሚይዘው እህል አላገኘም። ነገሩ ይኸው ነው። የወጋኋቸው እኔ መሆኔ ግን ዛሬም ይከነክነኛል፤ እማማ ትርንጎ ጣታቸውን ወደኔ ሲቀስሩ ፈጽመው አልሳቱም እላለሁ አንዳንዴ ለራሴ።

ልወጣ ስል ያን ጥያቄ ጠየቅኳቸው። ማን በላህ ሲሏቸው ለምን ስሜን እንደጠሩ። ቡዳ ነሽ ብለው አምነው ነበር ወይ አልኳቸው፣ ቃሉን ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። አባባ ቀና ብለው አዩኝ። ጠርጥሬሽ ነበር፣ አልዋሽሽም፣ ፊቴንም የማዞረው ለዚያ ነበር አሉ። ያን ቀን ግን ጥያቄው አልተሰማኝም፤ ረሃብ ብቻ ነበር የሚሰማኝ፣ በር ላይ ቆመሽ አየሁሽ፣ የሚያበላኝን ሰው ጠራሁ አሉኝ። እኔም እጃቸውን ስሜ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ አባባ እንክብላቸውን እንደተባሉት፣ ከመጀመሪያዋ ጉርሻ ጋር፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ይውጣሉ። ሥጋ መልበስ ጀመሩ። ሽንት ቤቱም ሰላም አገኘ። እዚህ ላይ እፎይ በሉ ብላችሁ ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን አባባ በወፈሩ ቁጥር የእኔ ስም እየከሳ ሄደ። አያችሁት፣ ለቀቀችው ተባለ። ሱቅ ውስጥ የሕፃን ጋሪ ወደ ሌላ ወገን ሲዞር አያለሁ። አባባ ራሳቸው አንደኛ ፎቅ ወርደው ስለ እንክብሉና ስለ ኮሶው ለእማማ ትርንጎ አስረድተው ነበር። እሳቸው በጸጥታ ሰምተው፣ እንዲህ ይበሉ ያለችዎ እሷ ናት አሏቸው። መላኩ ይቅርታ ጠይቆኛል፣ ከልቡም ነው፣ አብረን ነን። ሆኖም ማር ስከፍት ፊቱን ያዞራል። እኔም ያን «ምን ትሆኛለሽ» ያለውን እስካሁን ከጆሮዬ አላወጣሁትም።

በቀጣዩ ክረምት እማማ ትርንጎ ታመሙ። እየከሱ ነው፣ ሐኪም ቤት አልሄድም ብለዋል ሲባል ሰማሁ። አንድ ቀን ከሰዓት ልጃቸው በራችንን አንኳኳች። ዓይኔን ሳታይ፣ እማዬ ትፈልግሻለች አለችኝ።

ወረድኩ። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል፣ ያቺ ድንቡሽ ያለች ሴትዮ እጅ የምታህል ሆናለች። ልጃቸውን ውጭ አሏትና በሩ ሲዘጋ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«አልተጣላንም አይደል? ያስቀየምኩሽን ተይልኝና፣ እንትፍ በይብኝ» አሉኝ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊታቸውን እንደ ሕፃን ወደኔ ሰጥተው ጠበቁ። ማስረዳት እችል ነበር፤ አባባ ያስረዱትን፣ ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ። ማስረዳቱ የት እንዳደረሰኝ ደግሞ አውቃለሁ። ደስ የሚል ነገርም ትዝ አለኝ፣ ልደብቃችሁ አልችልም፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ብወጣ ማንም አይፈርድብኝም።

አንባቢዎቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ እንደነበር አላውቅም። እኔ መጀመሪያ አንድ ነገር ላስምልዎ አልኳቸው፤ ነገ ጠዋት አብረን ሐኪም ቤቱ፣ ቁፓት ሆሊም፣ እንሄዳለን፣ የሚሰጡዎትንም እንደተባሉት ይወስዳሉ። በኦሪት ማሉልኝ።

ከዚያ ጎንበስ አልኩ። አፌ ደርቆ ነበርና ምራቅ እስኪመጣልኝ ጠበቅኩ። እናቴን አሰብኳት፣ ቧንቧውን ስትዘጋ። እንትፍ አልኩባቸው።

እማማ ትርንጎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፣ ትከሻቸው ወረደ፣ ቀለማቸው ሳይቀር እፊቴ የተመለሰ መሰለኝ። በማግስቱ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ደረጃው ሥር ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። ክንዴን ያዙኝና ወጣን።